የጠቆረ ቀለህ፦ የቱ ይታጠባል፣ የቱ ይጣላል

ጥይት ተተኩሶ እርሳሱ ወደ ዒላማው ሲሄድ፣ ባሩዱም ነዶ ሲያልቅ፣ ከጠመንጃው ጎን ተስፈንጥሮ የሚወድቀው ቀለህ ነው። ከአንዲት ጥይት ክፍሎች ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ተመልሶ ሊያገለግል የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በፊንላንድና በሌሎችም የዒላማ ተኩስና አደን ሕጋዊ ሆነው በተስፋፉባቸው አገሮች ቀለሁን ለቅመው፣ አጽድተው፣ ቅርጹን መልሰው እንደገና የሚሞሉ ብዙ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከመደብር መደርደሪያ ሲጠፋ፣ በየጋራዡ ጥግ በባልዲ ተረስቶ የጠቆረ ቀለህ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። የቆየው ክርክርም አብሮ ተቀሰቀሰ፤ የጠቆረ ቀለህ በምን ይጸዳል?

ክርክሩ የሚያጠነጥነው ብዙውን ጊዜ በማብረቅ ላይ ነው። የማን ማሽን ይበልጥ አበራ፣ የማን ድብልቅ ቶሎ ሠራ የሚል ፉክክር ይበዛዋል። ዘዴዎቹን እዚህ አንድ በአንድ እናያቸዋለን፤ ከዚያ በፊት ግን ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ለምን ይጸዳል የሚለው ይመስለኛል። ቀለህ የሚጸዳበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቅርጹን የሚመልሰውን የብረት ሞልድ የሚቧጥጥ አሸዋና ጥላሸት ለማስወገድ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ፣ ናሱ ላይ የተደበቀ ስንጥቅ፣ ጉድጓድና መሳሳት ለዓይን እንዲገለጥ ነው። ቡናማ ሆኖ የቀረ ቀለህ ተኩሱን ምንም አይጎዳውም። እያብረቀረቀ የተሰነጠቀ ቀለህ ግን ዓይን ሊያጠፋ፣ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ የጽዳቱ ዕውቀት ከእድፍ ዕውቀት ይጀምራል።

የቀለህ ናስ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። መዳቡ ብቻውን ቢሆን ይለሰልሳል፤ ዚንኩ ከልክ ቢያልፍ ደግሞ ናሱ ሳይሰነጠቅ መሳብ ያቅተዋል። በፋብሪካ ውስጥ ከናስ ዝርግ በክብ የተቆረጠች ቁራጭ መጀመሪያ ትጎደጉዳለች፤ ከዚያ በየደረጃው እየተሳበች ትረዝማለች። መሳቡ ናሱን ስለሚያጠነክረው በየመካከሉ በእሳት ይለዝባል። በመጨረሻ ግርጌው ጠንካራ፣ አንገቱ ለዘብ ያለ ቀለህ ይወጣል። ቃታ ተስቦ ባሩዱ ሲቀጣጠል አንገቱና ገላው በሰከንድ ሺህኛ ገደማ ውስጥ ተለጥጠው የማጉረሻውን ግድግዳ ይደፍናሉ፤ ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚከለክለው ይህ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ሰብሰብ ይልና ማውጫው ጎትቶ ይጥለዋል። .308 ዊንቸስተር በሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት ውስጥ ግፊቱ ከ4,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ አንገቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ የናስ ግድግዳ ምን ያህል ሸክም እንደሚጣልበት ይገባዋል።

ይህ ናስ መንግሥታትን ሳይቀር ያስጨነቀበት ጊዜ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል አሜሪካ መዳቧን ለጥይትና ለመድፍ ቀለህ ለማዋል ስትል እ.ኤ.አ. በ1943 የአንድ ሳንቲም ገንዘቧን ዚንክ ከተቀባ ብረት አወጣች። ከ1944 እስከ 1946 የወጡት ሳንቲሞች ደግሞ የተተኮሰ ቀለህ ቀልጦ የገባባቸው ናቸው። ቀለህን ለቅሞ መልሶ መጠቀም ከቆጣቢ ተኳሾች ልማድ አልፎ በአገር ደረጃም የተሠራበት ነገር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እድፉ እንምጣ። በጅምላ ጠቆረ የምንለው ቀለህ ላይ ያለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቀለሙን መለየት የቻለ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ደብዛዛው ቡናማ መዳቡ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሚያወጣው ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ያለውን ናስ ከቀጣይ ጥቃት ይጠብቃል እንጂ አይበላውም። የሚታጠበው ለማየት እንዲያመች ብቻ ነው። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ የባሩድ ጥላሸት ነው፤ አለዚያም ድኝ ካለበት አየር ወይም ካርቶን ጋር ከርሞ የተፈጠረ ሰልፋይድ ነው። ጥላሸቱ በሳሙና ይለቃል፤ ሰልፋይዱ አሲድ ወይም ውልወላ ይፈልጋል።

አንገቱና ትከሻው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚታየው ሰማያዊና ገለባ መሳይ ቀለም ግን ጨርሶ እድፍ አይደለም። ፋብሪካው አንገቱን በእሳት ሲያለዝብ የቀረ ምልክት ነው። ለገበያ የሚያመርቱ ብዙ ድርጅቶች ወልውለው ያጠፉታል፤ የጦር ሠራዊት ጥይት ላይ ግን ሥራው በትክክል መሠራቱ እንዲታይ ሆን ተብሎ ይተዋል። ጀማሪዎች ይህን ቀለም ለማጥፋት ሲደክሙ ማየት ያሳዝነኛል፤ የጤንነት ማስረጃውን ነው የሚያጠቡት።

አረንጓዴው ሌላ ነው። እርጥበት፣ ጨው ወይም አሲድ ያገኘው መዳብ የሚያወጣው ዝገት ነው፤ ናሱን እየበላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር አረንጓዴው መልቀቁ አይደለም፤ ከለቀቀ በኋላ ከሥሩ ምን እንዳለ ማየት ነው። ልሙጥ ናስ ከወጣ ቀለሁ ይተርፋል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከወጣ፣ በተለይ ወደ ግርጌው አካባቢ ከሆነ፣ የቀለሁ ቦታ የቁርጥራጭ ብረት ባልዲ ነው። በመጨረሻ ሮዝ የሚመስለው ቀይ ነጥብ አለ። ዚንኩ ከናሱ ውስጥ ተሟሙቶ ወጥቶ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ብቻውን ሲቀር የሚታይ ቀለም ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ አሲድ ውስጥ የቆየ ጤነኛ ቀለህም ላዩ ላይ ስስ ሮዝ ሽፋን ሊያወጣ መቻሉ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ሲወለወል ከጠፋ የላይ ነበር፤ ተወልውሎም ነጥቡ ከቀረ ጉዳቱ ውስጥ ገብቷል፤ ያ ቀለህ አይሞላም።

አረንጓዴው ዝገት በታሪክ ውስጥ ትልቅ ክስ ቀርቦበታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1876 አሜሪካ ውስጥ በሊትል ቢግሆርን ጦርነት የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው የሌተና ኮሎኔል ከስተር ጦር በላኮታና በሻየን ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ተደመሰሰ። የከስተር ወታደሮች የያዙት የ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ ካርባይን፣ ማለትም አጭር ጠመንጃ፣ ቀለሁ ያን ጊዜ ከናስ ሳይሆን ከመዳብ የተሠራ ነበር፤ መዳቡ ለስላሳ በመሆኑ ሲግል ማጉረሻው ውስጥ ይጣበቃል፤ ወታደሮቹ ጥይታቸውን የሚይዙበት ቆዳ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ያወጣበታል ተባለ። ሽንፈቱን በቀለህ ያሳበቡ ጥቂት አልነበሩም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1984 እና በ1985፣ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎቹ ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ ሜዳውን በብረት ጠቋሚ መሣሪያ እያሰሱ የወደቁትን ቀለሆች መረመሩ። በስለት ተፈልቅቀው ለመውጣታቸው ምልክት ያለባቸው ከጠቅላላው ጥቂት ብቻ ሆነው ተገኙ። ችግሩ ነበረ፤ ጦርነቱን የወሰነው ግን እሱ አልነበረም።

ያም ሆኖ ቆዳና መዳብ አብረው መክረማቸው ጎጂ መሆኑ እውነት ነው። ቆዳ የሚለፋበት ታኒክ አሲድ እርጥበት ሲያገኝ መዳብንም ናስንም ይበላል። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው አንሰን ሚልስ ይህን አይቶ ነው ጥይቱን በቆዳ ቀለበት ፋንታ በተሸመነ ክር የሚይዝ ቀበቶ የፈለሰፈው። የእሱ ቀበቶ በኋላ በብዙ አገር ሠራዊት ወገብ ላይ ታየ። በእኛም አገር የአያት ዝናር ተሰቅሎ በሚገኝበት ቤት ሁሉ ይኸው ነገር ሊታይ ይችላል፤ ቀለሁ ቆዳውን በነካበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ከታሪኮቹ ሁሉ ለቀለህ ጽዳት ትልቁን ትምህርት የሰጠው ግን ከህንድ የመጣው ነው። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን የዝናቡ ወቅት ሲገባ የጦሩ ጥይት በፈረሰኞች ጋጣ ውስጥ ይከማች ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ሳጥኖቹ ሲከፈቱ ማንም ያልነካው፣ ያልተተኮሰ ቀለህ አንገቱ ላይ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች መልሱን በጽሑፍ አወጡ፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ፣ ከአየሩ እርጥበትና በናሱ ውስጥ ሲሳብ ከቀረው ውጥረት ጋር ሆኖ ነው የሰነጠቀው። ሦስቱ ሲገናኙ ናስ ከውጭ ማንም ሳይመታው ይሰነጠቃል። መፍትሔውም ከዚያ ወጣ፤ ውጥረቱን በእሳት ማለዘብና ጥይቱን ከአሞኒያ ማራቅ።

ይህ የመቶ ዓመት ዕውቀት ዛሬም በየቀኑ ይረሳል። ብዙዎቹ የጠርሙስና የቆርቆሮ ናስ መወልወያዎች አሞኒያ አለባቸው፤ ለበር እጀታና ለመቅረዝ ተሠርተዋልና በዚያ አገልግሎታቸው ነቀፌታ የለባቸውም። እጀታ 4,000 ባር አይሸከምም። ቀለህ ላይ ግን እንኳን አፍልቶ መንከር፣ መጥረግም አይገባም። የመስታወት ማጽጃ ፈሳሾችም ብዙዎቹ አሞኒያ ስላለባቸው የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። በረኪናም ያው ነው፤ ክሎሪኑ ናሱን ይበላል። በረኪናና አሞኒያ ከተቀላቀሉ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ዘዴዎቹ ብዙ ይምሰሉ እንጂ በሦስት ይጠቃለላሉ፤ ማሸት፣ ማጠብና ማሟሟት።

ከሁሉ የቆየውና አሁንም በብዙ ቤት ያለው ደረቁ ማሽን ነው። በሚንቀጠቀጥ ሳህን ውስጥ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይጨመራል፤ ቀለሁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት አብሮት ይታሻል። ዋልነቱ ጠንከር ስለሚል ጥላሸት ያነሣል፤ ቆረቆንዳው ለስለስ ስለሚል ያወዛል። አሞኒያ የሌለው የመኪና ሰም ጠብታ ቢገባበት ናሱ ቶሎ አይጠቁርም። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ውኃ አለመኖሩ ነው፤ ማድረቅ አያስፈልግም፣ ቀለሁም አይጎዳም። ጉድለቱ ሁለት ነው። የቀለሁን ውስጥና የፕራይመሩን፣ ማለትም የመለኮሻ ቆቡን፣ ማስቀመጫ ብዙም አያጸዳም፤ እንዲያውም ፍርፋሪው የእሳት መግቢያዋን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። ሁለተኛው ጉድለት አቧራው ነው፤ ስለ አቧራው ብቻውን መናገር ስለሚያስፈልግ ወደ ታች እናቆየው።

እርጥቡ ዘዴ በቀስታ የሚሽከረከር በርሜል ነው፤ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ቁንጥር ሲትሪክ አሲድ ይገባበታል። ብዙዎች ከዚህ ጋር መርፌ የሚያህሉ የማይዝግ ብረት ቁርጥራጮች ይጨምሩበታል፤ ርዝመታቸው 6 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውጤቱ ያስደንቃል፤ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ቀለሁ ውስጡም ውጭውም ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። የተኳሾች ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ወርቅ የመሰለ ክምር ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ዘዴ ውጤት ነው።

እኔ ግን መርፌዎቹ የተወራላቸውን ያህል የሚያስፈልጉ አይመስለኝም። ቀለሆቹ ለረጅም ሰዓት እርስ በርስ ሲጋጩ የአፋቸው ጠርዝ ይቀጠቀጥና ይጠቀለላል፤ መርፌዎቹም አንገት ውስጥ ተሰንቅረው ሊቀሩ ይችላሉ። በተጨማሪ የአንገቱ ውስጥ ፍጹም ሲራቆት እርሳሱ ያለ ምንም ልስላሴ ናሱን ስለሚጨብጥ የሚለቅበት ኃይል ከቀለህ ቀለህ ይለያያል። ለዚህ ነው ስለ ትክክለኛነት የሚጨነቁ የረጅም ርቀት ተኳሾች ብዙዎቹ ወደ ደረቁ ቆረቆንዳ የተመለሱት፤ አንገቱ ውስጥ የሚቀረውን ስስ የካርቦን ሽፋን ይፈልጉታል። ሳሙናና ሲትሪክ አሲድ ብቻቸውን፣ ያለ መርፌ፣ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ።

በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳው ማሽን በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ገደማ ውኃውን እያንቀጠቀጠ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱ ቆሻሻውን ከጠባብ ቦታ ሁሉ ይነቅላሉ። ለፕራይመር ማስቀመጫና ለቀለሁ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም። የገዙት ሰዎች ቅር የሚሰኙት ግን ቀለሁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቡናማነቱ ስለማይለቅ ነው። ማሽኑ ቆሻሻ ያነሣል፤ ቡናማው ግን የናሱ የራሱ ቆዳ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። እሱን የሚያነሣው ማሟሟት ነው።

ማሟሟት ማለት አሲድ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ የእናቶቻችን ወጥ ቤት ከኬሚስቶቹ ጋር ይስማማል። የናስ ሳህንና ጸናጽል በሎሚ ሲታሽ የሚያበራው በሎሚው ውስጥ ባለው ሲትሪክ አሲድ ነው። ለቀለህም ከአሲዶች ሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። በ1 ሊትር ሙቅ ውኃ 1 ወይም 2 የሻይ ማንኪያ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ሟሙቶ፣ ቀለሁ አስቀድሞ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ እየተነቃነቀ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በላይ ማቆየት ትርፍ የለውም። አቼቶም ይሠራል፤ ግን ይበልጥ ጨካኝ ስለሆነ የረሱት ቀለህ ሮዝ ሆኖ ይጠብቃል። አቼቶና ጨው አንድ ላይ ናስን በደቂቃ ውስጥ ሲያበሩ አይቶ የሚደሰት ብዙ ነው፤ ጨው ግን በናሱ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ በሚቀጥለው ዝናብ አረንጓዴውን ይመልሳል። ከአሲድ የወጣ ቀለህ በብዙ ውኃ ይለቅለቃል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቁንጥር ቢካርቦኔት ቢጨመር የቀረውን አሲድ ያረክሰዋል። ኒኬል የተቀባ ነጭ ቀለህ ግን አሲድ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ሽፋኑ መላጥ ከጀመረ ቅርፊቱ ሞልዱን ይቧጥጠዋል። የብረት ቀለህም በስህተት እንዳይገባ ማግኔት አስቀድሞ ማስጠጋት ነው።

ማድረቁ የሚናቅ ሥራ አይደለም። በፕራይመሩ ማስቀመጫ የቀረ አንድ የውኃ ጠብታ ባሩድ ያበላሻል። ፎጣ ላይ አንከባልሎ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ይበቃል። የሚቸኩል ከ80 እስከ 100 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ማድረቅ ይችላል፤ ምግብ በሚበስልበት ምድጃ ግን በፍጹም አይሆንም።

ለምን አይሆንም የሚለው ወደ አቧራው ይመልሰናል። ይህ የዳሰሳው ክፍል ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ቀለሁ ጀርባ ላይ ያለችው መለኮሻ ቆብ፣ ፕራይመር የሚሏት፣ በአብዛኛው የምትሠራው ሌድ ስቲፍኔት ከሚባል እርሳስ ካለበት ፈንጂ ውሁድ ነው። ስትፈነዳ እርሳሱ ከጥላሸቱ ጋር ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ደረቁ ማሽን ያንን ጥላሸት ፈጭቶ በአየር ላይ ይበትነዋል፤ እርጥቡ ማሽን ደግሞ ጥቁር አተላ አድርጎ ያወጣዋል። እርሳስ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የማይመለስ ነው፤ ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 ለሕፃናት የሚጠቀምበትን የማመሳከሪያ መጠን በዴሲሊትር ደም ወደ 3.5 ማይክሮግራም አውርዶታል።

ስለዚህ ደረቁ ማሽን ሳሎን ወይም ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ ክዳኑ ሳይዘጋ አይሠራም፤ ቀለሁ የሚለየው ደጅ፣ ማስክና ጓንት ተደርጎ ነው። ጥቂት የወረቀት ፎጣ ቁራጭ ከቆረቆንዳው ጋር ቢገባ አቧራውን ይሰበስባል። እርጥቡ አተላ ወጥ ቤት ሲንክ ወይም የአትክልት ቦታ ላይ አይደፋም፤ የአካባቢው አደገኛ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ይቀበለዋል። የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም። በውጭ አገር በትንሽ አፓርታማ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ወገን ይህን ሁሉ ማሟላት ካልቻለ፣ ሥራውን እዚያ ቤት ውስጥ ባይጀምረው እመክራለሁ። ከደረቁ ይልቅ እርጥቡን የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርጥብ አተላ ቢያንስ ወደ ሳንባ አይበርም።

ማጽዳት ሊመልሰው የማይችለው ጉዳት አለ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድረስ የተሠሩ ብዙ ፕራይመሮች የሜርኩሪ ፈንጂ ነበራቸው። ሜርኩሪ ናስ ውስጥ ሰርጎ ስለሚዋሐድ ቀለሁን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ከላይ ቢያምርም ውስጡ ሞቷል፤ ምንም እጥበት አያድነውም። ፖታሲየም ክሎሬት ያለባቸው የድሮ ፕራይመሮች ደግሞ ሲፈነዱ የጨው ዓይነት ይተዋሉ፤ ጨው እርጥበት ይስባል። ይህ ግን መድኃኒት አለው፤ ዘይት አያሟሟውም፣ ተራ ውኃ ያሟሟዋል፤ በተተኮሰበት ቀን መታጠብ ነው ያለበት። የጥቁር ባሩድ ጥላሸትም እንዲሁ ቀን አይሰጥም።

ከዚህ ሌላ ናስ በተተኮሰና ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ አንገቱም መሰንጠቅ ይጀምራል። ያንን የሚመልሰው እሳት ነው። አንገቱና ትከሻው ብቻ ለጥቂት ሴኮንድ እየተሽከረከሩ በነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ጥቅል ይሞቃሉ። ግርጌው ግን ሙቀቱ ሊደርሰው አይገባም፤ ግርጌው ከለሰለሰ ቀለሁ በተኩስ ጊዜ ይቀደዳል፤ ጋዙም ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ለዚህ ነው በተወሰነ ሙቀት የሚቀልጡ ቀለሞች ቀለሁ ላይ እየተቀቡ ሙቀቱ የት እንደደረሰ የሚታየው። ሁሉንም ቀለህ በጅምላ ምድጃ ውስጥ ጨምሮ ለማለዘብ የሚሞክር ሰው በገዛ እጁ አደጋ እየሠራ ነው። ከሞቀ በኋላ ውኃ ውስጥ መጣል ብረትን እንደሚያጠነክር ናስን አያጠነክረውም፤ ጥቅሙ ሙቀቱ ወደ ግርጌው እንዳይወርድ መግታት ብቻ ነው።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የሚቀረው እያንዳንዱን በብርሃን ማየት ነው፤ ጽዳቱ ለዚህ ነበርና እዚህ ላይ መቸኮል ድካሙን ሁሉ ያባክነዋል። አፉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይፈለጋል። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካለ ናሱ እዚያ ጋ ሳስቷል ማለት ነው፤ ሲተኮስ ለሁለት ይከፈላል። በማሽን የተወለወለ ቀለህ ላይ ይህ ቀለበት ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ስለሚችል ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ተሰዶ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ ሽቦው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲይዝ ይሰማል። እንዲህ ያለው ቀለህ በፒንሳ ተቆልምሞ ይጣላል፤ ካልተቆለመመ ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ቀለህ ሌላም ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጥይት በአንዳንድ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። በደቡብ ኦሞ ባዶ ቀለህ ለጌጥ ይውላል፤ በአዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢም ቀለህ ቀልጦ የአንገት ጌጥ ሆኖ ይሸጣል። ዛሬ ጦር መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ በቤት ጥይት የመሙላት ጉዳይ የዚህ አገር ጉዳይ አይደለም። የጽዳቱ ዕውቀት ግን ለአንጥረኛውም፣ የአርበኛ አያቱን ዝናር ለያዘውም ይጠቅማል።

አንጥረኛው ከማቅለጡ በፊት እያንዳንዱ ቀለህ ባዶ መሆኑን፣ ፕራይመሩም የተመታ መሆኑን አንድ በአንድ ማየት አለበት። ዚንክ የሚፈላው በ907 ዲግሪ ነው፤ ናሱ ለመቅለጥ የሚፈልገው ሙቀትም በዚያው አካባቢ ስለሆነ ከምድጃው ነጭ ጭስ ይነሣል። ያንን ጭስ የማገ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። አየር በደንብ በሚያልፍበት ቦታ መሥራት እንጂ ወተት መጠጣት አያድንም።

ዝናሩን የያዘው ደግሞ በመጀመሪያ ያልተተኮሰ ጥይት እንዳለበት ያጣራ። ካለበት አይታጠብ፣ አይወልወል፣ እርሳሱን ለመንቀል አይሞከር፤ ለሚመለከተው የጸጥታ አካል ማሳየት ነው። ባዶው ቀለህ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም መተው አለበት፤ የቅርስ ባለሙያዎች ያንን ቀለም የዕድሜው ማስረጃ አድርገው ያዩታል፤ በሲትሪክ አሲድ ያበራ የአድዋ ዘመን ቀለህ ከትናንት ቀለህ አይለይም። አረንጓዴው ግን መቆም ስላለበት በእንጨት ስንጥር በቀስታ ይፋቅና በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጥጥ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል። ሙዚየሞች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤንዞትራያዞል በሚባል ኬሚካል መዳቡን ከዝገት ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። በቤት ሊደረግ የሚችለውና ከሁሉ የሚበልጠው ቀለሁን ከቆዳው ማውጣት ነው፤ ዝናሩ ለብቻው፣ ቀለሆቹ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልለው ለብቻቸው፣ ሁለቱም እርጥበት በማይደርስበት ሳጥን ውስጥ።